ሰገራ ምርመራ አንዴ ምንም የለም አንዴ ጃርዲያ፣ የቱን እንመን?

ሰሊ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ እህቴ በሌላ በሽታ ሆስፒታል ተኝታ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ (የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድሃኒት) እየወሰደች ነው፣ ግን ተቅማጡ አልቆም ብሏታል ሆዷም ይነፋል። ሰገራዋ መጀመሪያ ታይቶ ምንም የለም አሉን፣ ከዛ ደሞ ጃርዲያ ተገኘ ተባለ። ላብራቶሪው ተሳስቶ ነው ወይስ እዛው ነው የያዛት?? በጣም ጨንቆኛል

ላብ ቤት፦ አይዞሽ እህቴ፣ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ሁለቱም ውጤት ልክ ሊሆን ይችላል። ጃርዲያ በየቀኑ እኩል አይወጣም፣ ዛሬ ሞልቶ ነገ አንድም ላይታይ ይችላል፣ በተለያየ ቀን 3 ናሙና አምጡ የሚባለው ለዛ ነው። ደሞ ቀጭን ሰገራ በ30 ደቂቃ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ስር ካልገባ ትሮፎዞይት የሚባለው የሚንቀሳቀሰው የጃርዲያ ደረጃ ይሞትና መለየት ያስቸግራል፣ ዋርድ ላይ ተቀምጦ የቆየ ናሙና ስንት ነገር ያስመልጣል መሰለሽ። የት ያዛት ላልሽው፣ ምልክቱ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ቆይቶ ስለሆነ ከገባች ጥቂት ቀን ከሆነ ይዛው ሳትመጣ አትቀርም።

አስታማሚ ሐኪም፦ እኔን ከጃርዲያው በላይ ያሳሰበኝ ፕሬድኒሶሎኑ ነው። ስትሮንጂሎይድስ የሚባል ትል አለ፣ ሰው ውስጥ ራሱን እያባዛ ምንም ምልክት ሳያሳይ ለአመታት ይቀመጣል፣ ስቴሮይድ ሲጀመር ግን ከቁጥጥር ውጪ ይራባና ሳንባ ድረስ ይሄዳል፣ የአንጀት ባክቴሪያም ይዞ ደም ውስጥ ስለሚገባ ሰው ይገድላል። በተራው ስላይድ ብዙ ጊዜ ያመልጣል፣ ስለዚህ ሰገራው በቤርማን ዘዴ (የትሉን እጭ ለብ ባለ ውሃ ከሰገራ አውጥቶ ማየት) ወይም በደም ምርመራ ይታይላት ብለሽ ሐኪሟን ጠይቂ። ኢዮሲኖፊል (በትል ጊዜ የሚጨምር ነጭ የደም ሴል) አልጨመረም ቢሉሽም አትዘናጊ፣ ስቴሮይድ ራሱ ያወርደዋል። ለጃርዲያ የሚሰጣት ሜትሮኒዳዞል ደሞ ይሄን ትል አይገድለውም፣ መድሃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው።

ሰሊ፦ ኧረ ደነገጥኩ 😢 ታዲያ ፕሬድኒሶሎኑን ታቁመው? አጠገቧ የተኛችው ደሞ አሜባ ተብላ ያው ሜትሮኒዳዞል ነው የጀመረችው

አስታማሚ ሐኪም፦ በፍፁም በራሷ እንዳታቆም! ድንገት ማቆም ራሱ አደጋ አለው፣ ሐኪሟ ይወስን።

ላብ ቤት፦ የአሜባውን በተመለከተ፣ ሲስት (በጠንካራ ሽፋን የተሸፈነው የማይንቀሳቀስ ደረጃ) ብቻ ከታየ ጉዳት የሌለው ዲስፓር የሚባለው ዘመዱ ሊሆን ይችላል፣ በማይክሮስኮፕ አንድ አይነት ናቸው። ቀይ የደም ሴል የዋጠ ትሮፎዞይት ከታየ ግን በሽታ አምጪው አሜባ የመሆን እድሉ በጣም ከፍ ይላል። እህትሽን ስታፀዳጂ ደሞ እጅሽን በሳሙናና በውሃ ታጠቢ፣ ሳኒታይዘር ብቻውን ለጃርዲያ ሲስት አያስተማምንም።