ለጥብቅና ሥራ የትኛው ኤአይ ይሻላል? ለደብረ ብርሃን ጠበቆች ጥቆማ

ደብረ ብርሃን ላይ ጥብቅና የጀመሩ ልጆች የትኛውን ኤአይ እንያዝ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለጉግሉ ኖትቡክ ኤልኤም ነው። የሚመልሰው እናንተ ከጫናችሁለት ሰነድ ነው፤ መልሱ ላይ ያለችውን ቁጥር ስትነኩ ያገኘበትን ቦታ ይከፍትላችኋል። በነጻ መጀመር ይቻላል።

ቻትጂፒቲና ጀሚናይ ረጅም ውል ሲያሳጥሩ፣ የተዘበራረቀ የክስ ታሪክ በጊዜ ቅደም ተከተል ሲያስቀምጡ፣ ለመስቀለኛ ጥያቄ መነሻ ሲያወጡ ጎበዞች ናቸው። ሕጉን ከራሳቸው እንዲነግሯችሁ ግን አትጠይቋቸው። በፈረንጆቹ 2023 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን ፍርዶች ለፍርድ ቤት አቅርበው ከነቢሯቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል።

እኛ ጋ ችግሩ ይብሳል። ብዙው ነጋሪት ጋዜጣ ስካን ነው፤ ፊደሉ በደንብ አይነበብም። የዘመን አቆጣጠሩም ያምታታል፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በእኛ 1952፣ በፈረንጆቹ 1960 ነው። በዚያ ላይ ኤአይ የሚቀናው እንግሊዝኛው ነው። የፌዴራል ሕግ የአማርኛውና የእንግሊዝኛው ቅጂ ሲለያይ የሚጸናው ደግሞ አማርኛው ነው።

የባሶና ወራና ገበሬ የመሬት ክርክር ይዞ መጣ እንበል። ኤአዩን ዝም ብላችሁ ብትጠይቁት የክልሉን የገጠር መሬት አዋጅ 133/1998 ሊጠቅስ ይችላል። ይህ አዋጅ ግን በአዋጅ 252/2009 ተሽሯል። ስለዚህ 252/2009ን እና የሚመለከታችሁን የሰበር ውሳኔዎች ጫኑና እንዲህ በሉት፦ «ከተያያዙት ሰነዶች ውጭ አትመልስ። አንቀጹንና ንዑስ አንቀጹን ጥቀስ። ካላገኘህ የለም በል።» «የለም» እንዲል መፍቀዱ ትልቅ ነገር ነው፤ ካልተፈቀደለት መላ ይመታል። መልሱ ሲመጣ አንቀጹን ራሳችሁ ከአማርኛው ላይ አንብቡ። የሰበር ችሎቱ ትርጉሙን በኋላ ቀይሮ እንደሆነም አጣሩ፤ ይህን ኤአይ አያደርግላችሁም።

የደንበኛ ምስጢር ላይ ቀልድ የለም። ስም፣ ስልክ፣ የካርታ ቁጥር አውጥታችሁ «ከሳሽ 1»፣ «ተከሳሽ 2» እያላችሁ አስገቡ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 አለ፤ የጥብቅና ሥነ ምግባሩም ያስራችኋል። ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ንግግራችሁ ለሞዴል ማሠልጠኛ እንዳይውል አጥፉት።

ለሚከፈልበት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በተዘጋ መዝገብ ሞክሩት። ፍርዱን ስለምታውቁት የቱ ላይ እንደሚስት ወዲያው ይታያችኋል።