ያበጠ የላፕቶፕ ባትሪ እስከ ሰኔ 30 ሊያደርሰኝ ይችላል?

የስድስት ኪሎዋ (ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 2፡15)

ሰላም ለሁላችሁም ይሁን። በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የፋይናንስ ክፍል የምሠራ የ26 ዓመት ወጣት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ ሬዲዮ ሲከፈት ከአጠገቡ የማልጠፋ፣ አሁንም ከቤት ኪራይና ከቀለብ የተረፈ ደመወዜን ለኮምፒውተር ዕቃ የማውል የቴክኖሎጂ ፍቅር ያለኝ ሰው ስለሆንኩ፣ በክፍላችን ፕሪንተር ሲቆምም ሆነ ኤክሴል አልከፈት ሲል በመጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው። አሁን የገጠመኝን ነገር ግን በራሴ ዕውቀት ብቻ ለመወሰን አልደፈርኩም።

ከሦስት ዓመት በፊት በሞዴል 22 (የመንግሥት ንብረት ወጪ በሚደረግበት ቅጽ) ፈርሜ የተረከብኩት ላፕቶፕ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ይወላገዳል። መጀመሪያ ከሥሩ ያሉት የጎማ እግሮች የተነቀሉ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ የጣት መዳሰሻው አልጫን አለ፤ ክዳኑም ሲዘጋ መሐሉ ላይ ክፍተት መተው ጀመረ፤ ትናንት ማታ በስልኬ መብራት ከጎን ሳየው ደግሞ የታችኛው ሽፋን ወደ ውጭ መቆልመሙን አረጋገጥኩ። ባትሪው አብጧል ማለት ነው። ሽታ የለውም፤ ከወትሮው የተለየ ሙቀትም አልተሰማኝም፤ መብራት ሲጠፋ አሁንም 50 ደቂቃ ያህል ይቆይልኛል። «ትንሽ ልታገሠው» የሚያሰኘኝም ይኸው ነው።

የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የክፍያ ሰነዶችን የማጣራት ሥራም በእኔ እጅ ነው። የግዢ ጥያቄ የሚቀርብበት ቀን አልፏል፤ ላፕቶፑን ብመልስም ምትክ የማገኘው በአዲሱ በጀት እንደሆነ ከንብረት ክፍል ተነግሮኛል። በዚህ ላይ የክረምቱ ዝናብ ከጀመረ ወዲህ ሰፈራችን በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ መብራት ይጠፋበታል። ለቀሩት 17 ቀናት በጥንቃቄ ልጠቀምበት እችላለሁ? ካልተቻለ ሽፋኑን ራሴ ከፍቼ ባትሪውን ባወጣና በቻርጀር ብቻ ብሠራስ? አሜሪካ ያለችው እህቴም በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አዲስ አበባ በሚመጣ ሰው እጅ ባትሪ ልላክልሽ ብላኛለች።

ከሁሉም በላይ ግን ጥፋቴ ምን እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ። መብራት መቼ እንደሚሄድ ስለማይታወቅ ምንጊዜም 100 በመቶ ሞልቶ እንዲጠብቀኝ ሶኬት ላይ እንደተሰካ ነበር የምተወው፤ ቤት ስወስደውም ሌሊቱን ሙሉ አልጋ ላይ፣ ጋቢ ላይ ተቀምጦ ያድራል።

ላፕቶፕ ጠጋኝ (ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 2፡40)

እህቴ፣ ሌላውን መልስ ከማንበብሽ በፊት ላፕቶፑን አጥፊውና ቻርጀሩን ንቀይው። ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከወረቀት አርቀሽ ሲሚንቶ ወይም ሴራሚክ ወለል ላይ አስቀምጪው፤ ምንም ነገር አትጫኚበት፤ ክዳኑንም እንዲገጥም ብለሽ አትጫኚው። እንኳን 17 ቀን ለአንድ ሌሊትም ቻርጅ ሊደረግ አይገባም። «ቆይታው ደህና ነው» ማለትሽ ሊያዘናጋሽ አይገባም፤ ያበጠ ባትሪ ኃይል መያዙ ጤነኛ መሆኑን አያሳይም፤ እንዲያውም በውስጡ ብዙ ኃይል የያዘው የበለጠ አደገኛ ነው።

ራስሽ እንዳትከፍቺው የምለውም ችሎታሽን ተጠራጥሬ አይደለም። በ14 ዓመት የጥገና ሥራዬ ብዙ ያበጡ ባትሪዎች አውጥቻለሁ፤ አንድ ቀን ግን አብሮኝ የሚሠራ ልጅ፣ እኔ ደንበኛ በማናግርበት ሰዓት፣ በማጣበቂያ የተያዘ ባትሪ በጠፍጣፋ የብረት መፍቻ ሊያነሣ ሲሞክር የመፍቻው ጫፍ የባትሪውን ከረጢት መሰል ሽፋን ቀደደው። መጀመሪያ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው ነጭ ጭስ ክፍሉን ሞላው፤ ቀጥሎ ነበልባል ተነሣ። ጠረጴዛችን የብረት ዝርግ ስለነበረው ገፍተን ወደ ግቢው አወጣነውና እስኪቀዘቅዝ ድረስ በባልዲ ውኃ አፈሰስንበት። ልጁ እጁን አልተቃጠለም፤ በጭሱ ምክንያት ግን ሁለት ቀን ሲያስለው ሰነበተ። ከዚያ ቀን ወዲህ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ካልሆነ በቀር ባትሪ አንነካም፤ አሸዋ የተሞላ ባልዲም ከጠረጴዛው ሥር አይጠፋም። ይህ ሁሉ በሌለበት ቤት ውስጥ እንድትሞክሪው አልመክርሽም።

አዲስ ገቢ (ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 3፡05)

እኔ ያበጠ የስልክ ባትሪ በመርፌ ወግቼ አየሩን ካስወጣሁለት በኋላ ሁለት ወር ያህል አገልግሎኛል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ይህንንም መሞከር ይቻላል ብዬ ነው።

ወልታ (ሰኔ 13፣ ከምሽቱ 4፡20)

በመርፌ የወጋኸው ወንድሜ፣ ለመርዳት ብለህ እንደጻፍከው ይገባኛል፤ ነገር ግን ሌላ ሰው አንብቦ እንዳይሞክረው ስለምሰጋ በግልጽ ልቃወምህ። የወጣው «አየር» አየር አይደለም። ባትሪው ውስጥ ሁለት ዓይነት ስስ ቅጠሎች ተደራርበው ይገኛሉ፤ በመካከላቸው ከወረቀት የሳሳ የፕላስቲክ መለያ አለ፤ ሁሉም በሚቀጣጠል ፈሳሽ የተነከሩ ናቸው። ባትሪው ሲያረጅ ይህ ፈሳሽ ይበሰብስና ካርቦን ዳይኦክሳይድን፣ እንዲሁም እንደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያሉ ተቀጣጣይ ጋዞችን ያወጣል። መርፌ ከረጢቱን ሲበሳ መለያውንም አብሮ ሊበሳ ይችላል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ ቅጠሎች ይነካካሉ፤ በባትሪው የተጠራቀመው ኃይል በሙሉ በዚያች ነጥብ ላይ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ያንተ ስልክ ያልተቃጠለው መርፌው ጠርዝ ላይ ስላረፈ ወይም ባትሪው ባዶ ስለነበረ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶች እንደሚሉት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባትም የተፈጠረውን ጋዝ ወደ ፈሳሽነት አይመልሰውም።

አሁን ወደ ጠያቂዋ ልመለስ፤ «ጥፋቴ ምንድን ነው» ላልሽው ሰፋ ያለ መልስ መስጠት የሚገባ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያንቺ ልማድ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ የተሰካ ላፕቶፕ ከመጠን በላይ የሚሞላ ይመስለዋል፤ ይህ ትክክል አይደለም፤ 100 በመቶ ሲደርስ መቆጣጠሪያው ኃይል መቀበሉን ያቆማል። የሚጎዳው ሞልቶ መቆየቱ ነው። አንድ የሊቲየም ሴል (የላፕቶፕ ባትሪ ከእነዚህ ይገጣጠማል) ሲሞላ 4.2 ቮልት ገደማ ይደርሳል፤ በዚህ ከፍታ ላይ ለወራት ሲቆይ የፈሳሹ መበስበስ ይፋጠናል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብስበታል። ጋቢ ላይ ሲቀመጥ የላፕቶፑ አየር መሳቢያ ስለሚደፈን፣ ሙሉ ባትሪ በሞቀ ሣጥን ውስጥ ታሽጎ ያድራል ማለት ነው። የመብራቱ መዋዠቅ ባትሪውን አሳበጠው የሚሉሽም ይኖራሉ፤ ነገር ግን የላፕቶፕ ቻርጀሮች በአብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ መዋዠቁ ባትሪው ጋ ሳይደርስ እነርሱ ዘንድ ይቀራል። መብራት ሲመለስ ድንገት የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት የሚያበላሸው በአመዛኙ ቻርጀሩን ነው፤ ፍሪጅ ነቅለን ጥቂት ደቂቃ እንደምንቆየው ሁሉ ለቻርጀሩም እንዲሁ ማድረግ ይበጃል።

እንግዲህ መብራት እንዳይከዳን ብለን ሁልጊዜ ሙሉ አድርገን የምናስቀምጠው ባትሪ በዚያው ምክንያት ያረጅብናል። ለጨለማ ጊዜ የሚሆነውን ኃይል ከላፕቶፑ አውጥተን ወደ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል ወደሚሰጥ ባለ ባትሪ መሣሪያ) ብናዛውረው ይሻላል። በተለመደው አነስተኛ ዩፒኤስ ውስጥ ያለው የእርሳስ ባትሪ ከሊቲየም በተቃራኒ ሞልቶ መቆየት ይስማማዋል፤ የሚጎዳው ባዶውን ሲቀመጥ ነው። 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሚል ባትሪ ካለው ሁለቱ ሲባዙ በወረቀት ላይ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በተግባር ግማሹን ብቻ ብትቆጥሪና ላፕቶፕሽ 30 ዋት ቢወስድ ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይሰጥሻል፤ ይህም አሁን ከሚያሠራሽ 50 ደቂቃ አይተናነስም። አዲሱ ባትሪ ሲገባ ደግሞ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ገድቢው፤ በርካታ አምራቾች ይህን ማስተካከያ በራሳቸው ፕሮግራም ወይም በባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ በሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ አስቀምጠዋል።

የንብረት ሰው (ሰኔ 14፣ ከጠዋቱ 3፡10)

ወንድሞቼ ስለ ባትሪው የተናገሩት በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ወረቀቱ ልናገር። በንብረት አስተዳደር ለረጅም ዓመታት ሠርቻለሁ። ላፕቶፑ በስምሽ ወጪ የሆነ የመንግሥት ንብረት ነው፤ በራስሽ እጅ ተከፍቶ አንድ ነገር ቢደርስበት፣ ሐሳብሽ ምንም ያህል ቅን ቢሆን፣ በስምሽ የሚጻፈው ንብረት በማበላሸት ነው። በግል ገንዘብ የተገዛ ባትሪ ማስገባትም ቀላል አይደለም፤ ዕቃው በገቢ ደረሰኝ ካልተመዘገበ ነገ ንብረቱን ስታስረክቢ አሮጌው የት ሄደ የሚል ጥያቄ ያስነሣል።

ስለዚህ ዛሬውኑ ለቅርብ ኃላፊሽ፣ በግልባጭ ለንብረትና ለአይሲቲ ክፍል፣ የግማሽ ገጽ ደብዳቤ ጻፊ። «ባትሪ ይቀየርልኝ» አትበይ፤ ይህ የግዢ ጥያቄ ስለሆነ ቀኑ አልፏል ተብሎ ይመለሳል። «የእሳት አደጋ ሊያስከትል በሚችል ሁኔታ ላይ ስለሚገኝ ባትሪው በባለሙያ እንዲወጣ» ብለሽ ጻፊ፤ ይህ የደኅንነት ጉዳይ ነው፤ ፊርማውን ያዘገየ ኃላፊ ተጠያቂ እንደሚሆን ስለሚያውቅ ለነገ አያሳድረውም። ፎቶግራፍም አያይዢ። እስከ ሰኔ 30 ለሚያስፈልግሽ ሥራ ደግሞ የአይሲቲ ባለሙያው ባትሪውን ካወጣ በኋላ የመረጃ ማስቀመጫውን ነቅሎ በውጭ ማቀፊያ በኩል ከአንድ ዴስክቶፕ ጋር ሊያገናኝልሽ ይችላል። በዓመት ፈቃድ ላይ ያለ ሠራተኛ ዴስክቶፕ በየክፍሉ አይጠፋም።

ከሜሪላንድ (ሰኔ 14፣ ከምሽቱ 1፡30)

ስለ እህትሽ ዕቅድ ጥቂት ልጨምር፤ እኔም ለዘመዶቼ ባትሪ በሰው እጅ ልኬ ስለማውቅ ነው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በሚጫን ሻንጣ ውስጥ ማስገባት የተከለከለ ነው፤ መንገደኛው በእጅ ሻንጣው መያዝ አለበት። እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ ያለ ልዩ ፈቃድ ይታለፋል፤ ከዚያ በላይ እስከ 160 ድረስ የአየር መንገዱን ፈቃድ ይጠይቃል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ታባዣለሽ። 11.4 ቮልትና 4 አምፔር ሰዓት ከሆነ 45.6 ዋት ሰዓት ይመጣል፤ ስለዚህ ችግር የለውም። የባትሪው መገናኛ ከብረት ጋር እንዳይነካካ በፕላስተር ይሸፈን፤ ዕቃውን የሚይዘውም ሰው ምን እንደያዘ ይነገረው። አንድ ጊዜ ሳልነግር የላክሁባት እናት በፍተሻ ላይ ሻንጣዋ ተከፍቶ ስትጨነቅ ማየቴ እስከ ዛሬ ይጸጽተኛል።

እህትሽ በላፕቶፑ ስም ብቻ እንዳትገዛ ደግሞ ንገሪያት፤ አንድ ስም ያላቸው ላፕቶፖች ሁለትና ሦስት ዓይነት ባትሪ ሊኖራቸው ስለሚችል፣ ባለሙያው ሲያወጣው በራሱ በባትሪው ላይ ያለውን መለያ ቁጥር ፎቶ አንሺና ላኪላት።

የስድስት ኪሎዋ (ሰኔ 17፣ ከምሽቱ 1፡50)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን በተመከርኩት አገላለጽ ጻፍኩ፤ በማግስቱ ከሰዓት በፊት ተፈረመ። የአይሲቲ ባለሙያው ግቢ ውስጥ፣ ከሕንፃው ርቆ፣ በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ባትሪውን አወጣው። ከሦስቱ ሴሎች ሁለቱ እንደ ትራስ ተነፍተው ነበር፤ የመካከለኛው ሴል ሽፋን በላፕቶፑ የታችኛው ሽፋን ብሎን ጫፍ ተፍቆ ምልክት አውጥቷል። ያን ምልክት ሳይ ከዚያ በፊት በነበሩት ሌሊቶች እናቴ በምትተኛበት ክፍል እንዳሳደርኩት አስታወስኩና እጄ ተንቀጠቀጠ።

ዴስክቶፕ ስላልተገኘ ያለ ባትሪ በዩፒኤስ እየሠራሁበት ነው። ፍጥነቱ ከበፊቱ ቀንሷል፤ ዛሬ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መብራት ሲጠፋ ግን ለ35 ደቂቃ ምንም ሳይጎድልብኝ የክፍያ ሰነዱን አጠናቅቄ አስቀመጥኩ። ለአሁኑ የግል ባትሪ ማስላኩን ትቼዋለሁ። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ፤ የወጣው ባትሪ በአሸዋ በተሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ሆኖ ጥበቃ ቤቱ አጠገብ ተቀምጧል፤ ጥበቃው «ለቁራሌ እንስጠው» ይላል።

ላፕቶፕ ጠጋኝ (ሰኔ 17፣ ከምሽቱ 2፡05)

ፍጥነቱ የቀነሰው ብዙ ላፕቶፖች ባትሪ ሲጎድላቸው ቻርጀሩ እንዳይጨናነቅ ራሳቸውን ስለሚገድቡ ነው፤ አትሥጊ። ለቁራሌ ግን በፍጹም እንዳይሰጥ። ልጆቹ መዳቡንና አሉሚኒየሙን ለመለየት በድንጋይ ይቀጠቅጡታል፤ የሚነግራቸው ስለሌለ ምን እንደያዙ አያውቁም። ተራ የቆሻሻ ገንዳ ውስጥም አይጣል፤ መኪናው ሲጨምቀው ሊቀጣጠል ይችላል። ጣሳውን ዝናብ ከማይደርስበት፣ ሰው ከማይቀመጥበት ጥግ አስቀምጡትና «ያበጠ ባትሪ፣ አትንኩ» የሚል ጽሑፍ ለጥፉበት። ከንብረት ክፍል መሸኛ ይዛችሁ ስትመጡ እኔ ከሌሎቹ ጋር አስቀምጬ በአንድነት አስረክበዋለሁ፤ አድራሻዬን በውስጥ መልእክት ልኬልሻለሁ።