ፋይዳ ብሎክቼይን ላይ ይግባ ወይስ አይግባ?

አወያይ፦ በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ ከተባለው ብሎክቼይን አልሚዎች ጋር ሆኖ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን ውጤት በብሎክቼይን፣ ማለትም በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተባዝቶ በሚቀመጥ የጋራ መዝገብ፣ ሊይዝ እንደሆነ ተነግሮ ነበር። ዲጂታል መታወቂያችን ፋይዳ ግን በሌላ መንገድ ነው የሄደው፤ መረጃው በማዕከል ነው የሚያዘው። እሱም ብሎክቼይን ላይ ይግባ ትላላችሁ?

ኮድ ጻፊው፦ ይግባ! አሻራችንም ዓይናችንም ፊታችንም አንድ ቦታ ተከማችቷል። ፓስዎርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ አሻራ ግን በምን ይቀየራል?

የባንኳ ልጅ፦ እኔ ደግሞ በዚሁ ምክንያት አይግባ እላለሁ። ብሎክቼይን ላይ የገባ ነገር አይፋቅም። ፍጥነቱስ? በብሎክቼይን የሚሠራው ቢትኮይን በሰከንድ 7 ገደማ ግብይት ነው የሚያስተናግደው። 5 ሚሊዮን ተማሪ አንድ በአንድ ይመዝገብ ቢባል፣ ሌላ ማንም ሳይጠቀምበት ከ8 ቀን በላይ ይፈጃል።

ኮድ ጻፊው፦ እህቴ፣ አሻራውን እዚያ ላይ አስቀምጡ ያለ የለም። አንድ በአንድም አይመዘገብም። የአንድ ትምህርት ቤት ውጤት ተጠቅልሎ አንድ ሃሽ፣ ማለትም ከመረጃው በስሌት የሚገኝ አጭር ኮድ፣ ይወጣለታል፣ ብሎክቼይኑ ላይ የሚሰፍረው እሱ ብቻ ነው፣ ማስረጃው ተማሪዋ ስልክ ላይ ይቀመጣል። አንዲት ማርክ ከተነካች ሃሹ አይገጥምም፤ ፎርጅዱ እዚያው ይያዛል።

መምህሩ፦ ሃሹ እኮ የጠፋ ሰነድ አይመልስም። ደሞ የምን ስልክ? እኔ የማስተምራት ልጅ ቤት ያለው አንድ ስልክ ነው፣ እሱም የአባቷ፣ ሦስት ልጆች ይጋሩታል። ስልኩ ቢጠፋ የማስረጃዋን ምስጢራዊ ቁልፍ የሚመልሱትን 12 ቃላት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ደብቂ ልበላት? ወረቀቱን ያገኘ ሰው እሷን ሆኖ ቁጭ ይላል።

ከሪያድ፦ መምህር እውነታቸውን ነው። እዚህ ፓስፖርታችንን አሠሪ ነው የሚይዘው፣ ስልክ የሚነጠቁም አሉ። ቁልፌ ስልኩ ውስጥ ብቻ ከሆነ ማንነቴ አሠሪዬ ኪስ ገባ ማለት ነው። ጣቴን ግን ማንም አይቀማኝም።

የባንኳ ልጅ፦ ኢስቶኒያን እዩ። በ2017 እ.ኤ.አ. 760 ሺህ ገደማ መታወቂያዎች ላይ ችግር ተገኘ፤ ቺፑ ቁልፍ የሚያመነጭበት መንገድ ደካማ ነበር። መንግሥት አገደ፣ ሰው አሳደሰ፣ አለፈ። የሚያግድ አካል ባይኖር ያን ጊዜ ማን ይደርስላቸው ነበር?

ኮድ ጻፊው፦ እሺ፣ የትምህርት ውጤቱ ይግባ፣ ፋይዳው በማዕከል ይቆይ። ግን አንድ ነገር አልለቅም። መረጃዬን ማን፣ መቼ ከፍቶ እንዳየ የሚያሳይ መዝገብ ብሎክቼይን ላይ ይሁን፣ እኔም ልየው። ባለሥልጣንም ይሁን ሠራተኛ ሾልኮ አይቶ ዱካውን ማጥፋት የለበትም።

መምህሩ፦ ይኼን እኔም እደግፋለሁ።

የባንኳ ልጅ፦ እኔም። ብቻ በቀን ስንት ጊዜ መታወቂያ እንደምናጣራ አስብ፤ እያንዳንዱን ልመዝግብ ካልክ ደንበኛው መስኮቱ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

ኮድ ጻፊው፦ በየሰዓቱ ጠቅልዬ አሰፍረዋለሁ።

የባንኳ ልጅ፦ ሰዓቱ እስኪሞላ መዝገቡ ሰርቨር ላይ ነው ያለው፣ ማጥፋት የፈለገ ያጠፋዋል። ወደ ደቂቃ አውርደው።