ብቻውን ለቀረው አባቴ ውሻ ልውሰድለት ወይስ ድመት? (ድሬዳዋ)

ጠያቂ፦ የሳቢያኗ
ሰላም ወገኖች። አባቴ 76 ዓመቱ ነው፤ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣ ነው። እናታችን ካረፈች ዓመት ከመንፈቅ ሆናት። እሱ ከዚራ ሰፈር ብቻውን ነው፣ እኔ ሳቢያን፣ ወንድሜ አዲስ አበባ። ጠዋት ሄጄ ቁርሱን አቀርብለታለሁ። ማታ ስመለስ ያው ወንበር ላይ ነው። ምሳውን አንዳንዴ አይነካውም።

በቀደም የጎረቤት ድመት በረንዳው ላይ ተኝታ ሲያናግራት ሰማሁት። "አንቺ ደግሞ ቤትሽ የት ነው?" ይላታል። እንባዬ መጣ። እንስሳ ብወስድለትስ ብዬ አሰብኩ። ችግሩ ጉልበቱን ያመዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ወንድሜ ደግሞ "ለራሱም ሰው ያስፈልገዋል፣ ምን ሌላ ሸክም ትጨምሪበታለሽ" ይላል። የሞከራችሁ ምከሩኝ።

የገንደ ቆሬ ልጅ
አቦ ውሰጂለት! እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አምስት ዶሮዎች ነበሯት። ማለዳ "ወገቤን" እያለች ትነሳለች። ግን ትነሳለች፣ ዶሮዎቹ ይጮሁባታላ። ጥሬ ትበትናለች፣ እንቁላል ትለቅማለች፣ ለጎረቤት ልጆች ትሰጣለች። ልጆቹም በዚያ ሰበብ በየቀኑ ብቅ ይሉ ነበር። ዛሬ ሳስበው ከዶሮዎቹ ይልቅ እነዚያ ልጆች ናቸው ያቆዩልን። ለአባትሽም የሚጠብቀው ነገር ይኑር።

የእንስሳት ሐኪም ነኝ
እህቴ፣ ቡችላ እንዳትወስጂ። ቡችላ እግር ስር ይገባል። በምርኩዝ የሚሄድ ሰው አንዴ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ነገሩ ከባድ ነው። ውሻ ከሆነ ያደገና የረጋ ይሁን። ድመት ከሆነችም ሌሊት መብራት አብርቶ እንዲነሳ ንገሪው፤ መንገድ ላይ ትተኛለች።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ለውሻም ለድመትም ግዴታ አድርጊው። ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። የትላትል መድኃኒትም አትርሺ። እንስሳው ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። "ትንሽ ጭረት ናት" ብላችሁ አትለፉ። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። አባትሽ ስኳር ካለበት ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ትንሿም ጭረት ትኩረት ትፈልጋለች።

የድሬን ሙቀት ታውቂዋለሽ። ጥላ ቦታ ላይ ውሃ ሁልጊዜ ይኑር።

ከጀጎል
እኛ ቤት ድመት ናት። አያቴ 80 አልፈዋል። ሲሰግዱ ከስጋጃው ጎን ትተኛለች፣ ሲጨርሱ ጭናቸው ላይ ትወጣለች። ምሳ ላይ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች። እሳቸውም ለእሷ እየቆረሱ ራሳቸው ይበላሉ። ወላሂ ከኛ ልመና የእሷ ዓይን ይበልጣል። የውሻ ምራቅ ልብስ ከነካ ለሶላት ማጠብ ስላለባቸው ውሻ አላሰብንም፤ ድመት ግን ምንም ችግር የለባትም። ሐረር ሆናችሁ ውሻ የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ ማታ ግቢ ውስጥ ዝጉት። ጅቡ እስከ ደጃችን ይመጣል።

ለገሀሬ
ወንድምሽ ያለውም እውነት አለው። አጎቴ ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ውሻውን ያስታወሰ አልነበረም። ሦስት ቀን ሙሉ በር ላይ ሲያለቅስ ጎረቤት ነው የነገረን። እስካሁን ይቆጨኛል። ስለዚህ አባትሽ ሲታመም ማን እንደሚመግብ፣ ወጪውን ማን እንደሚችል ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ሌላው ደግሞ ምሳውን አለመንካቱ ነው። እሱን ለድመት አትተዪው፣ ሐኪም ይየው። ደግሞስ አባትሽን ጠየቅሽው? ሳይፈልግ ብታመጪበት ላንቺ ሲል ይቀበልና ይከብደዋል።

የሳቢያኗ
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እውነት ነው፣ እሱን አልጠየቅኩትም ነበር። ትናንት ጠየቅኩት። "ውሻ አልችልም። ያቺ የበረንዳዋ ግን ትምጣ" አለኝ። የጎረቤቷን እትዬ አነጋገርኳቸው። "እሷ እኮ እዚያው ነው የምትውለው፣ ውሰዷት" አሉኝ። ቅዳሜ እናስከትባታለን። ሰኞ እሱን ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። ወንድሜም ወጪውን እችላለሁ ብሏል፤ እኔ ከሌለሁ እትዬ ይመግቧታል።

ዛሬ ቀን ሥራ ላይ ሆኜ ስልኬ ጠራ። አባቴ ነው። "ስትመጪ ትንሽ ሥጋ ያዥ፣ ለእሷ ነው" አለኝ። እናቴ ካረፈች ወዲህ እሱ ራሱ ሲደውልልኝ የመጀመሪያው ነው።