የስኩዊድ ፕሮክሲ ፍተሻ ላይ ግራ ገብቶኛል፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነኝ። ልጆቹ በአንዲት ቀጭን የኢንተርኔት መስመር ስለሚሻሙ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስኩዊድ (በተጠቃሚውና በኢንተርኔት መካከል ቆሞ ጥያቄ የሚያስተላልፍ፣ የታዩ ገጾችንም የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) ጫንኩ። ስንት ሰው እንደሚችል ሳላውቅ ልጆቹን ላስገባበት አልፈለግኩም።

ቀን ክፍሉ ስለሚያዝ የምፈትሸው ማታ ነው፤ በዚህ ብርድ ጋቢ ደርቤ። በአፓቺ ቤንች (ብዙ ጥያቄ እየላከ ጭነት የሚፈትሽ መሣሪያ) 50 ጥያቄ በአንድ ጊዜ ስልክበት እንደ ጥይት ነው። ደስ አለኝ። በኋላ ሳስበው ግን ያው አንድ ገጽ ነው የሚደጋገመው፤ ከካሽ (አስቀድሞ ካስቀመጠው ቅጂ) እያነሳ ይሰጠኛል። የልጆቹ አጠቃቀም እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ኤችቲቲፒኤስ (የተመሰጠረ የድረ ገጽ ግንኙነት) ስለሆነ ስኩዊድ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል እንጂ አያስቀምጠውም።

አድራሻዎቹን ለያይቼ ጥያቄውን 600 ሳደርሰው ቀጥ አለ። ሎጉ (የስኩዊድ የሥራ መዝገብ) ፋይል ዲስክሪፕተር (ለእያንዳንዱ ክፍት ግንኙነት ወይም ፋይል ሲስተሙ የሚሰጠው ቁጥር) እያለቀ ነው ይላል። እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ለተጠቃሚው፣ አንድ ለድረ ገጹ ስለሚይዝ የተፈቀደለት 1024 ቶሎ ያልቃል። ማዋቀሪያው ላይ 4096 ብዬ ጻፍኩ፣ አስነሳሁት፤ ሎጉ አሁንም 1024 ነው የሚለው! ማሽኑ የሚሠራው በኡቡንቱ ሊኑክስ ነው።

ቁጥሩን የሚይዝብኝ ሌላ ቦታ የት ነው? የኤችቲቲፒኤስ ጭነትንስ በምን ብፈትሽ ይሻላል? ፈተና ሳይደርስ ብትደርሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው።