ለድሮ ሆንዳ መለዋወጫ በኢንተርኔት ስገዛ ምን ላጣራ?

ባለ ሲቢ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. የ1972 ሆንዳ ሲቢ 500 ሞተር ሳይክል አለኝ፣ ባለ 4 ሲሊንደሯ። ካርቡሬተሮቹ ቤንዚን ያንጠባጥባሉ፣ ሚኒሞ አትይዝም፣ ነዳጅ ካልሰጠኋት ትጠፋለች። ፍሪሲዮኑም ማንሸራተት ጀምሯል። ኢንተርኔት ላይ የካርቡሬተር ጥገና ኪት፣ የፍሪሲዮን ሸራና የኋላ ፍሬን ሸራ አግኝቻለሁ። ሻጮቹ ግን «ለሁሉም ሲቢ ይሆናል» ነው የሚሉት። ዋጋውም ከሻጭ ሻጭ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ከመክፈሌ በፊት ምን ላጣራ? የምታውቁ እባካችሁ እርዱኝ።

የጋራዥ ልጅ፦
ወንድሜ፣ «ለሁሉም ይሆናል» የሚልህን ሻጭ እለፈው። በቁጥር ግዛ። የሆንዳ የዕቃ ቁጥር ሦስት ቦታ ይከፈላል። በ16100-323 የሚጀምር ቁጥር ብታይ፣ 16100 ካርቡሬተር ነው፣ 323 ደግሞ የሲቢ 500 መለያ። የሲቢ 750 መለያ 300 ነው። መጨረሻ ላይ ያሉት አሃዞች ዕቃው ሲሻሻል ይቀየራሉ።

መሃል ያለው ቁጥር የሚነግርህ ዕቃው መጀመሪያ ለየትኛው ሞዴል እንደተሠራ ነው። ስለዚህ በአንተ ሞዴል ዝርዝር ውስጥ 300 ያለበት ዕቃ ብታገኝ አትደንግጥ፣ ከ750ው ጋር የምትጋራው ነው። መጀመሪያ በሥዕል የተዘጋጀውን የሞዴሉን የዕቃ ዝርዝር ፈልግ፣ ቁጥሩን ከዚያ ውሰድ። ሻጭ የምትፈልገው በዚያ ቁጥር ነው።

ለመሆኑ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር አይተኸዋል? የሻንሲውን አይደለም የምልህ።

ባለ ሲቢ፦
አሁን አየሁት። ሻንሲው ላይ ሲቢ 500 ይላል። ሞተሩ ላይ ግን ሲቢ 550ኢ ብሎ ነው የሚጀምረው። ምን ማለት ነው?

የጋራዥ ልጅ፦
ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። 550ው ከ500ው በኋላ የመጣ ነው፣ እዚያው ሻንሲ ላይ ስለሚገጥም ብዙ ሰው ይቀይረዋል። ሞተሩ ጥሩ ነው፣ አይክፋህ። ግዢህን ግን ይቀይረዋል። የ500ው ፒስተን ስፋቱ 56 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ550ው 58.5። ስለዚህ ፒስተንም ሆነ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በሲሊንደሩና በክዳኑ መካከል የሚገባው ማሸጊያ) በ500 ስም ብታዝዝ ገንዘብህን ጣልከው። ፍሪሲዮኑም 550 ላይ ተለውጧል። የሞተሩን ዕቃ በ550ው ዝርዝር ፈልግ፣ የእሱ መለያ 374 ነው። የኋላ ፍሬኑን ግን ጎማው ካልተቀየረ በ500ው ዝርዝር ታገኘዋለህ።

ፍቱን መካኒክ፦
ካርቡሬተሩም የማን እንደሆነ አትገምት። ሞተር የቀየረ ሰው የድሮውን ካርቡሬተር መልሶ ሊገጥመው ይችላል። ገላው ላይ የተመታ ቁጥርና ፊደል አለ፣ ጠርገህ ፎቶ አንሳው።

ኪቱን ግዛ፣ ግን ከውስጡ ኦ ሪንጉንና (ክብ የጎማ ማሸጊያ ነው) ጓርኒሲዮኑን ብቻ ተጠቀም። ቤንዚን የሚያሳልፉትን ትናንሽ የነሐስ ጄቶች አትጣላቸው! በርካሽ ኪት የሚመጡት ላይ የተጻፈው ቁጥር ትክክል ሆኖ ቀዳዳቸው ሌላ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ፋብሪካው የገጠማቸውን በካርቡሬተር ማጠቢያ ዘፍዝፍ፣ በአየር ንፋ፣ ወደ ብርሃን አንስተህ ቀዳዳው ክብ ሆኖ መታየቱን እይ። ሽቦ አታስገባባቸው፣ ቀዳዳው ይሰፋል።

ማንጠባጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተንሳፋፊው መርፌ ነው፣ ካርቡሬተሩ ሲሞላ ቤንዚኑን የሚዘጋው እሱ ነው። ጫፉን በማጉያ መነጽር እየው። ዙሪያውን ቀለበት የመሰለ ጭረት ካለበት አልቋል።

ከመፍታትህ በፊት ደግሞ የጃፓን ካቻቢቴ ግዛ። ብሎኖቹ ጂአይኤስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ የተሠሩ ናቸው። ተራው ባለ መስቀል ካቻቢቴ እየተንሸራተተ ራሳቸውን ይበላዋል። ብዙዎቹ ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ አለች፣ በእሷ ትለያቸዋለህ።

አሮጌ ወዳድ፦
ስለ ፍሬን ሸራው እኔ ልጨምር። «ከፋብሪካ ከወጣ ያልተከፈተ ኦሪጅናል» የሚል ማስታወቂያ ታያለህ። ማርሽ ወይም ብሎን ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ። ጎማ ነክ ከሆነ ግን ሳይነካም ይደርቃል። የዚያ ዘመን የፍሬን ሸራ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፣ አቧራው ለሳንባ አደገኛ ነው። አዲስ የተሠራውን እዘዝ። አሁን ያለውን ስትፈታም በአየር አትንፋው፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው።

ሰላማዊት፦
ከመክፈልህ በፊት ሻጩን የዕቃውን ፎቶ ጠይቀው፣ አጠገቡ የዕለቱ ቀን በእጅ የተጻፈበት ወረቀት አድርጎ። ዕቃው እጁ ላይ ያለ ሰው ይህ አይከብደውም። መመለሻውን ማን እንደሚከፍልም በጽሑፍ ይንገርህ። በቀጥታ ገንዘብ ላክልኝ ካለህ ተወው፣ የገዢ ጥበቃ ባለው መንገድ ክፈል። ዕቃው ሲደርስ ደግሞ ሳጥኑን ሳትከፍት አታስቀምጥ። ቅሬታ የማቅረቢያው ጊዜ ያልፍብህና ማንም አይሰማህም።

ባለ ሲቢ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ካቻቢቴውን አዝዣለሁ። አሁን የፍሪሲዮኑን ሸራ በ374 ልግዛ?

ፍቱን መካኒክ፦
ቆይ፣ አትቸኩል። ምን ዘይት ነው የምትጠቀመው?

ባለ ሲቢ፦
የመኪና ዘይት ነው። ነዳጅ ይቆጥባል የሚል ተጽፎበታል።

ፍቱን መካኒክ፦
ምክንያቱ እሱ ሊሆን ይችላል። የአንተ ፍሪሲዮን ዘይት ውስጥ ነው የሚሠራው። ነዳጅ ቆጣቢ በሚባሉት የመኪና ዘይቶች ውስጥ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አለ፣ ሸራውን ያንሸራትተዋል። ጃሶ ኤምኤ (ዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የሚሆን የጃፓን ደረጃ) የሚል የሞተር ሳይክል ዘይት ቀይርና የተወሰነ ንዳት። የፍሪሲዮኑ ገመድም ትንሽ መላላት አለበት፣ ተወጥሮ ከሆነ አስተካክለው። አሁንም ካንሸራተተ ክፈተውና የሸራዎቹን ውፍረት በካሊፐር ለክተህ ከ550ው የጥገና መጽሐፍ ጋር አስተያየው። ከልኩ በታች ከሆነ ያኔ እዘዝ፣ ሞላዎቹንም አብረህ ለካ።