የዕቅድ ውይይት፦ የስቴፋን አምስቱ ጋላክሲዎችና ትኩሱ ጋዝ

ሰብሳቢ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። ለዩኒቨርሲቲው የምናቀርበውን የጋራ ዕቅድ ሐምሌ ሳያልቅ እንጨርሰው። አዲስ የቴሌስኮፕ ሰዓት አንጠይቅም። ትኩስ ጋዝ የሚታይበት ኤክስሬይ ከባቢ አየሩን አያልፍም፤ ከጣና ዳር ሆነን የምናየው የለም። ጠፈር ላይ ያለው የኤክስሬይ ቴሌስኮፕ ቻንድራ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሰበሰበው መረጃ ግን አብዛኛው ክፍት ነው፤ መተንተኛ ሶፍትዌሩም በነፃ ይወርዳል። የእኔ ሐሳብ የስቴፋን አምስቱ ጋላክሲዎች፣ ማለትም ሰማይ ላይ ተጠጋግተው የሚታዩት አምስት ጋላክሲዎች ናቸው። ርዕሱ “በሚዋሃዱ የጋላክሲ ቡድኖች ውስጥ ያለ ትኩስ ጋዝ” ቢባልስ?

የፊዚክስ መምህርት፦ ጋሼ፣ ምርጫዎን ወድጄዋለሁ። ርዕሱ ግን ይስተካከል። እዚያ ሁለት ቡድኖች እየተዋሃዱ አይደለም። ኤንጂሲ 7318ቢ የሚባል አንድ ጋላክሲ በሰከንድ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ እየገሰገሰ የቡድኑን ጋዝ እየመታ ነው። ከአምስቱ አንዱ፣ ኤንጂሲ 7320፣ ጭራሽ የቡድኑ አባል አይደለም። ሌሎቹ አራቱ 290 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃሉ፤ እሱ 40 ሚሊዮን አካባቢ ነው። ፊታቸው ስለቆመ ብቻ አብሮ ይታያል።

ሰብሳቢ፦ ልክ ነሽ እታለም። “ጋላክሲ ከቡድን ጋዝ ጋር ሲጋጭ” ይሁን።

ተማሪ፦ አካባቢውን 50 ቦታ ከፍለን የሙቀት ካርታ ብንሠራስ?

የፊዚክስ መምህርት፦ አይሆንም ወንድሜ። የኤክስሬይ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ አንድ በአንድ ነው የሚቆጠረው። ቁራጩ ባነሰ ቁጥር ፎቶኑ ያንሳል፤ ሙቀቱን የሚነግረን የስፔክትረሙ (ፎቶኖቹ በጉልበታቸው ተለይተው ሲደረደሩ የሚታየው) ቅርጽ ይጠፋል። ሁለት ቦታ ይበቃናል፦ ግጭቱ ያበራው ሸንተረርና ከጎኑ ያለው ደብዛዛ ጋዝ። ጥያቄው እዚሁ ነው። በዚያ ፍጥነት ፊት ለፊት የተመታ ጋዝ ከ10 ሚሊዮን ዲግሪ በላይ መሞቅ ነበረበት። የተለካው ግን ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ነው። ለምን አነሰ? ግጭቱ ሰያፍ ስለሆነ ነው የሚል ማብራሪያ አለ። እኛም መጀመሪያ ልኬቱን ደግመን እናግኘው፤ ከዚያ ማብራሪያው ያስኬድ እንደሆነ እንፈትሽ። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

አስጎብኚ፦ ለትምህርት ቤቶች በምናዘጋጀው ገጽ ላይ አባይ ጣናን ሳይቀላቀል ያቋርጣል የሚለውን አባባል እናስገባው?

የፊዚክስ መምህርት፦ ለዚህ አይገጥምም። እዚህ ያው ጋዝ ራሱ ተጨምቆ ነው የሚሞቀው። ወደ ዘጌ የሚሄደውን የሞተር ጀልባ አስቡት። ከማዕበሉ ይፈጥናል፤ ውሃው ገለል ለማለት ጊዜ ስለሚያጣ አፍንጫው ላይ ይከመራል። ሾክ ዌቭ ማለት እሱ ነው። ታንኳ ቀስ ስለሚል ያን ያህል አይከምርም።

አስጎብኚ፦ ጀልባው ይሻላል። ቪዲዮውን እኔ እቀርጻለሁ።

ተማሪ፦ መረጃውን እኔ ላውርድ። ሌሊት ኢንተርኔቱ ይሻላል፤ መብራት ከጠፋም ካቆመበት የሚቀጥል ማውረጃ አለኝ።

ሰብሳቢ፦ ጥሩ። መምህርት፣ የጥያቄውን አንቀጽ አንቺ ጻፊው፤ ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ዝናቡ ሲያቆም፣ ጥቅምት ላይ፣ ጋላክሲዎቹ ያሉበት የኮከቦች ስብስብ ፔጋሰስ በምሽት ከፍ ብሎ ይታያል። ጋላክሲዎቹ በዓይን ባይታዩም ያሉበትን አቅጣጫ ለልጆቹ ሐይቁ ዳር እናሳያቸዋለን። ይህም ዕቅዱ ውስጥ ይግባ። ቅዳሜ ከሰዓት 9 ሰዓት እንገናኝ።